ከመቀነት በታች የተደበቀው እብጠት

ሆዱን የሚያመውና የሚያስመልሰው ሰው ሲመጣ ሁለቱንም ብሽሽቶች ገልጦ ማየት የሆድ ምርመራ አካል መሆኑን በቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ሁሉ ያውቀዋል። ያም ሆኖ ድንገተኛ ክፍሉ በሰው ሲጨናነቅ፣ መጋረጃ ሲጠፋ፣ በተለይም ታማሚዋ በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ የመርማሪው እጅ ከመቀነቱ በላይ ይቆማል። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያነት ስሠራ ያየሁት የአንዲት እናት ሕመም ይህን ልማድ እንድጠላው አድርጎኛል።

እኚህ እናት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰውነታቸው የከሳ፣ ብዙ ልጆች የወለዱ የገጠር ሴት ነበሩ። ከሦስት ቀን በፊት ማስመለስ ሲጀምራቸው በአቅራቢያቸው ካለ አንድ ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር፤ አልሻል ሲላቸው የመጨረሻ ልጃቸው ይዟቸው መጣ። ድንገተኛ ክፍል የተቀበላቸው ባልደረባ ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ በማዳመጫ አዳመጠ፣ ኤክስሬይም አዘዘ። በእኛ አገር አንጀት ተዘጋ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው፤ የእሳቸው ሆድ ግን እምብዛም አልተነፋም፣ ፈስም እንደሚወጣቸው ተናገሩ። ስለዚህ ግሉኮስ ተሰቅሎላቸው እንዲቆዩና ጠዋት እንደገና እንዲታዩ ተወሰነ።

ነገሩን የለወጠችው ብዙ ዓመት ያገለገለች አንዲት ነርስ ናት። የሽንታቸውን መጠን ለመከታተል ካቴተር የሚባለውን የሽንት ቱቦ ልታስገባ መጋረጃ ጋርዳ ልብሳቸውን ስትገልጥ፣ በቀኝ ጭናቸው ሥር፣ ከብሽሽቱ መታጠፊያ ዝቅ ብሎ፣ ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ጠንካራ እብጠት አየች። «እማማ፣ ይህ መቼ ወጣ?» ብትላቸው፣ «እሱማ ንፍፊት ነው ልጄ፤ ድሮም ይወጣል፣ ተመልሶ ይጠፋል። አሁን ግን እንቢ ብሎ ቀረ» አሏት። ለምን እንዳልተናገሩ ስትጠይቃቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «የጠየቁኝ ሆዴን ነው፤ ይህን ለወንድ እንዴት ብዬ አወራለሁ?» ሲሉ መለሱላት። ሥራዋን እንደጨረሰች ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መጥታ ጠራችኝ።

ንፍፊት ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ እግር ላይ ቁስል ይገኝ ነበር፤ ሁለቱንም እግሮቻቸውን በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር ብመለከት ምንም አልነበረም። እብጠቱ ሲነካ ክፉኛ ያማቸዋል፣ እንዲስሉ ስጠይቃቸውም ከሥር የሚገፋው ነገር አልተሰማኝም። የጠረጠርኩት ሄርኒያን፣ ማለትም የሆድ ዕቃ በደከመ የሆድ ግድግዳ ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ሕመም ነው። ያልታነቀ ሄርኒያ ታማሚው ሲስል መርማሪው ጣት ላይ ይገፋል፤ ይህ ግፊት ጠፍቶ እብጠቱ ከጠነከረና ካመመ ግን የወጣው የሆድ ዕቃ በቀዳዳው አንገት ላይ ተይዟል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የትኛው ሄርኒያ እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ ቦታው ነው። ፑቢክ ቱበርክል ከሚባለው የአጥንት ጉብታ በላይና ወደ ውስጥ የሚታየው የብሽሽት ሄርኒያ ሲሆን፣ ከጉብታው በታችና ወደ ውጭ ጎን የሚታየው የጭን ሄርኒያ ነው። የእሳቸው ሁለተኛው ነበር። አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን በእጅ ለሚያጠራጥር፣ ለትንሽና በወፍራም ሰው ላይ ለተሸሸገ ሄርኒያ ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ማዘግየት ብቻ ይሆን ነበር።

የጭን ሄርኒያ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ በተለይም በዕድሜ የገፉትን ያጠቃል። በሴቶችም ቢሆን ከእሱ ይልቅ የብሽሽቱ ዓይነት ይበዛል፤ የጭኑ ግን የሚወጣበት ቀዳዳ ጠባብና ዙሪያው የማይለጠጥ ስለሆነ የመታነቅ አደጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህም ባያምም እንኳ ሳይዘገይ በቀዶ ሕክምና እንዲጠገን ይመከራል። ከዚህም በላይ አንዳንዴ የሚታነቀው ሙሉው አንጀት ሳይሆን የግድግዳው አንድ ጎን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አንጀቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ፈስም ሰገራም ሊወጣ ይችላል፣ ሆድም ብዙ አይነፋም፤ የተያዘው ጎን ግን ደም አጥቶ እየሞተ ነው። ፈስ ወጣ ማለት አንጀቱ ደህና ነው ማለት አይደለም።

እብጠቱን በጉልበት ወደ ውስጥ ለመግፋት አልሞከርንም፤ የሞተ አንጀት ወደ ሆድ ቢመለስ ተበስቶ ሆድ ውስጥ ሊፈስና ታማሚዋን ሊገድል ይችላል። በደም ሥር ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ሰጠናቸው፣ በአፍንጫቸው ቱቦ አስገብተን ጨጓራቸውን አራገፍን፣ ደም እንዲዘጋጅ አደረግን፤ ሽንታቸው መውረድ እንደጀመረ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ። የወጣውን የሆድ ዕቃ የሚሸፍነውን ከረጢት ስከፍተው ጠቆር ያለ፣ የሚሸት ፈሳሽ ወጣ፤ ከሥሩ የቀጭኑ አንጀት አንድ ጎን በቀዳዳው አንገት ተጨምድዶ ተገኘ። አንገቱን አስፍተን አንጀቱን ካላቀቅን በኋላ በሞቀ ሳላይን (የጨው ውሃ) በራሰ ፋሻ ሸፈንነው፣ የአንሰቴዢያ ባለሙያውም ንጹሕ ኦክስጅን ሰጣቸው። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ በእነዚያ ደቂቃዎች በክፍሉ ውስጥ ማንም አያወራም። ፋሻው ሲነሳ በዙሪያው ያለው አንጀት ቀላ፣ ቀስ ብሎም መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ታንቆ የነበረው ክብ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ፣ በፒንሴት ሲነካም አልተኮማተረም። ሆዳቸውን ከታች ከፍተን የሞተውን አጭር ክፍል ቆርጠን አወጣን፣ ሁለቱን ጫፎች አገጣጠምን፤ ቀዳዳውንም በማይሟሟ ክር ዘጋነው። አካባቢው የተበከለ ስለነበር ሜሽ የሚባለውን ሰው ሠራሽ መረብ አልተጠቀምንም። እናታችን በሰላም ነቁ፣ ከቀናት በኋላም አጥሚት መጠጣት ጀመሩ።

በማግስቱ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ነርሷ ያየችውን ራሷ እንድትናገር ተደረገ። ውይይቱ ባልደረባችንን ወደ መውቀስ እንዳያዘነብል በርትቼ ተከራከርኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ገላን ገልጦ ለማየት የሚያስችል መጋረጃ ያለው አልጋ አንድ ብቻ ነበርና። ሁለተኛ መጋረጃ ተተከለ፣ በሆድ ሕመም ለሚመጡ ሁሉ በሚሞላው ቅጽ ላይም «ሁለቱም ብሽሽቶች ታይተዋል?» የሚል መስመር ተጨመረ። ሴት ታካሚ በወንድ ባለሙያ ስትታይ ሴት ነርስ አብራ እንድትገኝም ተስማማን። ይህ የመጨረሻው ለጨዋነት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ እናቶች የሚያፍሩበትን ነገር የሚናገሩት እንዲህ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጃቸው በአስታማሚነት ሲቆይ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አገኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶክተር፣ እኔም እኮ ቡአ አለብኝ» አለኝ። ሥራው እህል ማራገፍና መጫን ነው፤ ኩንታል በተሸከመ ቁጥር የቀኝ ብሽሽቱ ያብጣል፣ ወደ ቆለጡም ይወርዳል፣ ሲተኛ ግን ይገባል። ለዓመታት ወገቡንና ብሽሽቱን በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ እያሰረ ሠርቷል። አቁሜ ስመረምረው፣ ሲስል ከጉብታው በላይ ይገፋል፤ ግልጽ የብሽሽት ሄርኒያ ነው። ቆለጥ ገና በጽንስነት ጊዜ ከሆድ የሚወርድበት መንገድ ደካማ ሆኖ ስለሚቀር ይህ ዓይነቱ በወንዶች ላይ እጅግ የተለመደ ነው፤ በሕይወት ዘመናቸው ከአራት ወንዶች አንዱን ገደማ ያገኛል። ሸክም፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና በፕሮስቴት ምክንያት ለሽንት ማማጥ ያባብሱታል። ማሰሪያው ለጊዜው ይይዘዋል እንጂ ቀዳዳውን አይዘጋውም።

የእናቱን ስቃይ ስላየ የእሱም በዚያው ሌሊት እንዲከፈት ፈልጎ ነበር። ልዩነቱን ረጋ ብዬ ነገርኩት፤ ወደ ውስጥ የሚገባና ብዙም የማያሳምም የብሽሽት ሄርኒያ ባለበት ወንድ ላይ የመታነቅ አደጋው ዝቅተኛ ስለሆነ እየተከታተሉ መቆየትም ይቻላል፤ ለእሱ ግን ሥራውን ስለሚያውክ በቀጠሮ መጠገኑ ይሻላል። ኤዶዋርዶ ባሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ባስተዋወቀው ዘዴ የራስን ሥጋ በክር ማጥበቅ ለረጅም ዘመን አገልግሏል፤ በአሁኑ ጊዜ ቀዳዳው ላይ ሜሽ ማንጠፍ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ተመልሶ የመውጣቱ ዕድል ያንሳል። ይህም ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ሊሠራ ይችላል። የሜሽ ዋጋ ለብዙ ታካሚዎች ይከብዳል፤ ሆኖም በኡጋንዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከወባ መከላከያ አጎበር ጨርቅ ተዘጋጅቶ ከጀርም የጸዳ ሜሽ በአንድ ዓመት ክትትል ከውዱ ያላነሰ ውጤት እንዳሳየ አስፍሯል። በእኔ እምነት ይህ በእኛም ሆስፒታሎች በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ነው።

ከዚያ የቤተሰቡ ጥያቄ ቀጠለ። የሕፃን ልጁ እንብርት እንደሚነፋ፣ አያትም ሳንቲም አድርገው እንዳሰሩበት ነገረኝ። የሕፃናት የእንብርት ሄርኒያ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አራት ወይም አምስት ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ይዘጋል፤ ሳንቲሙ አይረዳም፣ ቆዳንም ያቆስላል። በሕፃን ብሽሽት ላይ የሚወጣው ግን በራሱ ስለማይዘጋና ሊታነቅ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለቀዶ ሐኪም መታየት አለበት። እናቱም ቢሆኑ ሆዳቸው ስለተከፈተ በጠባሳው በኩል ሌላ ሄርኒያ እንዳይወጣባቸው ለተወሰኑ ወራት እንስራ እንዳይሸከሙ፣ ሳልና ድርቀት ከያዛቸውም ቶሎ እንዲታከሙ አደራ አልኩት።

ለራሱ ሄርኒያ ቀጠሮ ያዝንለት። እስከዚያ ድረስ እብጠቱ ሲተኛ አልገባ ካለ፣ ከጠነከረ፣ ካመመው ወይም ማስመለስ ከጀመረው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያችው ሰዓት እንዲመጣ፣ ተቀባዩ ባለሙያ ሆዱን ብቻ ቢጠይቀው እንኳ ብሽሽቱን ራሱ እንዲያሳይ ነገርኩት።