እንሽላሊቶቹ የት ከረሙ?

አራት ኪሎ የተከራየሁበት ግቢ አሮጌ የድንጋይ አጥር አለው። በድንጋዩ መሀል የነበረው ጭቃ ረግፎ ስንጥቅ በስንጥቅ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናዬን ይዤ ፊት ለፊቱ እቀመጥና እንሽላሊት እቆጥራለሁ። አትሳቁ፣ ስልክ ከመጎርጎር ይሻላል።

ባለፈው ግንቦት ዘጠኝ ቆጥሬ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድም የለም። ድመቷ ጨረሰቻቸው አልኩ። ሰኔ መግቢያ ላይ የአንዷን ጭራ ስትበጥስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጭራው ብቻውን መሬት ላይ ሲፈራገጥ ድመቷ እሱን ስታባርር የጭራው ባለቤት ሹልክ ብላ ስንጥቅ ውስጥ ገባች።

ብርዱ ነው እንዳልል፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ከሐምሌ ይልቅ የሚብሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የሚጠፋው ፀሐይ ነው። እንሽላሊት ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። ድንጋይ ላይ ተለጥፋ ካልሞቀች ዝንብ ማሳደድ ቀርቶ የበላችውም በቅጡ አይፈጭላትም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደመና ተጋርዶ፣ ወጥቶ መንከራተት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ስንጥቋ ውስጥ ትተኛለች። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ የሚፈልገው ምግብ ስለሚቀንስ በትንሽ ስብ ብዙ ትቆያለች። ብዙ ዝርያዎች ደግሞ ያንን ስብ የሚያስቀምጡት ጭራቸው ውስጥ ነው። ያቺ ምስኪን ስንቋን ተቀምታ ነው ክረምት የገባችው።

በበጋ ግን ሌሊቱ ቢያንዘፈዝፍም ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ መጀመሪያ ራስ ብቻ ብቅ ይላል። ከዚያ ሆዳቸውን ድንጋዩ ላይ ጠፍጠፍ አድርገው፣ በር ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ እንደሚሞቁት ሽማግሌዎቻችን፣ ዝም ይላሉ።

የሌላ አገሩን ሳነብ ያስገረመኝ ማዳጋስካር ያለችው የላቦርድ እስስት ናት። ከዓመቱ 8 ወይም 9 ወሩን እንቁላል ውስጥ ታሳልፋለች። ዝናቡ ሲጀምር ሁሉም በአንድ ሰሞን ይፈለፈላሉ፣ ያድጋሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ፣ በ4 ወይም 5 ወራቸው ያልቃሉ። ደረቁን ወቅት መሬት ውስጥ የሚጠብቀው እንቁላሉ ብቻ ነው። እዚያ ብሆን «አልቀዋል» ማለቴ ልክ ነበር።

ፀሐይ ሲበዛም ጣጣ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሜክሲኮ ውስጥ ከታዩት 200 ቦታዎች በ12 በመቶው እንሽላሊቶቹ ከ1975 ወዲህ እንደጠፉ አሳይቷል። በመራቢያቸው ወቅት ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ውስጥ ይውላሉ፣ የሚበሉበት ሰዓት ያጥራል።

የእኔዎቹ መስከረም አጋማሽ ላይ አራት ሆነው ወጡ። ጭራ ቆራጣዋም አለች! አዲሱ ጭራዋ አጠር ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ መስመር የሌለው ነው። ዛሬ ጥር ላይ ሰባት ደርሰዋል።

ችግሩ የቤቱ ባለቤት አጥሩን በሲሚንቶ ሊያስለስኑት ነው።

«እማማ፣ ስንጥቁ እኮ ቤታቸው ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ለእንሽላሊት ብዬ አጥሬ ይፍረስ?»

ቢያንስ ክረምት ላይ አይሁን፣ ውስጥ እንዳሉ ይደፈንባቸዋል ብዬ ለመንኳቸው። ከፋሲካ በኋላ፣ ሰኔ ሳይገባ ተባለ። እስከዚያ ከጓሮ በኩል ትርፍራፊ ድንጋይ እየካብኩ ነው።