ከፎሙ በላይ ያለው ቀለም

ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ ጣሪያ ላይ ፎም መርጨት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። እዚህ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ቤት ብዙ ነው። ብዙዎቹ ላይ ያለው ደግሞ የሚረጭ የፖሊዩሬቴን ፎም ነው፤ ውሃና ሙቀት የሚከላከል፣ ሲደርቅ የሚጠነክር አረፋ። ያገሬ ሰዎች ቤት ገዝተው ሲደውሉልኝ ግን ከራሳቸው በላይ ምን እንዳለ አያውቁም።

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ሳሎኔ እያፈሰሰ ነው፤ ባልዲ ደርድሬ አደርኩ" አሉኝ። ወጥቼ አየሁት። ነጭ መሆን የነበረበት ጣሪያ ቡናማ ሆኗል። በጣቴ አሸት ሳደርገው እንደ በሶ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። ወፎችም እዚህም እዚያም ቆፍረውታል። ቤቱን ሲገዙ "ይሄ ጣሪያ ዕድሜ ልክ ነው" ተብለዋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ፎሙ ሲመጣ ሁለት በርሜል ፈሳሽ ነው። አንዱ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ነው፣ ሌላው ፖሊዮል የሚባል ኬሚካል ያለበት ድብልቅ። በሚሞቅ ቱቦ መጥተው የመርጫው አፍ ላይ እኩል በእኩል ይገናኛሉ። ጣሪያው ላይ ሲያርፍ በሰከንዶች ውስጥ ከ20 እስከ 30 እጥፍ ኩፍ ይላል፤ ከዚያ ደርቆ ይጠነክራል። መገጣጠሚያ የለውም። ከጣሪያው ብቅ ባሉት ቱቦዎች ዙሪያ፣ በጥጋጥጉ ሁሉ አንድ ወጥ ሆኖ ይያያዛል። ውሃ የሚተኛበት ጎድጓዳ ካለም እዚያ ላይ ወፈር አድርገን ወደ መውረጃው እንዲሄድ እናደርጋለን።

ጥሩ ፎም ላዩ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ፈንዲሻ ከመሰለ ተበላሽቷል፤ ቀለሙ በየስርጉዱ አይገባም። እርጥብ ጣሪያ ላይ ከተረጨ አይያዝም፣ ያብጣል። ነፋስ ካለ ደግሞ ስራ እናቆማለን፤ ብናኙ የጎረቤት መኪና ላይ ሄዶ ይለጠፋል። አይሶሳያኔቱ ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ንጹህ አየር የሚመጣበት ጭንብል ሳያደርግ የሚረጭ ሰው፣ ዋጋው ቢረክስም ጣሪያችሁ ላይ አታውጡ።

ሙቀት መከላከሉን በዓይኔ አይቻለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሰመር ላይ ፊኒክስ 31 ቀን በተከታታይ 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስትሞቅ፣ ፎም ያለው ቤት ውስጥ ኤሲው እፎይ ሲል ይሰማ ነበር። ግን ያው ጸሐይ ራሱን ፎሙን ትበላዋለች። የሚያድነው ላዩ የሚቀባው ነጭ የሲሊኮን ወይም የአክሪሊክ ቀለም ነው። ቀለሙ እንደ ዓይነቱና እንደ ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት አካባቢ ሲሆነው እንደገና መቀባት አለበት። የእናታችን ጣሪያ ይህን ነው ያጣው።

የተቃጠለውን ፋቅን። ውሃ የጠጣውን ቆርጠን አወጣን። ደረቅ ቀን ጠብቀን አዲስ ፎም ረጨን። ከዚያ መጀመሪያ ግራጫ፣ በላዩ ነጭ ቀባን። ሁለት ቀለም የምንጠቀመው የተዘለለ ቦታ ካለ ግራጫው ብቅ ብሎ እንዲታይ ነው።

እናታችን ከታች ሆነው "አሁንስ ለዕድሜ ልክ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም እማማ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይታያል፣ ወፍ የቆፈረው ይደፈናል፣ ጊዜው ሲደርስ ይቀባል" አልኳቸው።

ማርከር አመጡልኝ። የተቀባበትን ቀን የመብራት ሳጥኑ ክዳን ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸው።