ጥይት የተተኮሰባቸው መላእክት

ከኢፕስዊች እስከ ዳርሻም በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ። ብላይዝበርግ በእንግሊዝ ምሥራቅ፣ ሰፎክ ውስጥ ያለች ሚጢጢ መንደር ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን ረግረጉ ዳር ተገትሮ ሲታይ ያስደነግጣል። «የረግረጉ ካቴድራል» ይሉታል። ይህን ያህል ሕንፃ ለዚህች መንደር? ለካ በ15ኛው መቶ ዘመን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሲሠራ፣ ብላይዝበርግ መርከብ የሚገባባት የወንዝ ወደብ ነበረች። ወንዙን ደለል ሞላው፣ ገበያው ሄደ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ።

ግድግዳው ባልጩት ነው፣ ያው ክብሪት ሳይኖር እሳት የሚጫርበት። ሰፎክ ደህና የግንባታ ድንጋይ ስለሌላት ያላትን ፈልጣ ገነባችበት።

ስገባ ቀና አልኩ፤ ከዚያ በኋላ አንገቴን ማውረድ አቃተኝ። በጣሪያው መሃል ለመሃል የእንጨት መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው ተደርድረዋል፤ ቀለማቸው ደብዝዟል፣ እዚህም እዚያም ተበሳስተዋል። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ትዝ አለኝ፣ ይሄኛውም በስሙ ሥላሴ ነውና። የጎንደሮቹ ግን ዐይናቸውን አፍጥጠው ያዩሃል፣ እነዚህ ከላይህ የሚበሩ ናቸው የሚመስሉት።

ቀዳዳዎቹን የሠራው ማን ነው? ለዘመናት የተወቀሰው ዊልያም ዳውሲንግ ነበር። ቅርጽና ሥዕል ጣዖት ነው የሚል ፒዩሪታን (አጥባቂ ፕሮቴስታንት) ነው፤ በ1644 መጥቶ መላእክቱ ይውረዱ ብሎ አዝዟል። ትእዛዙ አልተፈጸመም፤ መቼም እዚያ ድረስ መሰላል አቁሞ የሚወጣ ጀግና የጠፋ ይመስለኛል። እናም የእሱ ወታደሮች ከታች ሆነው ተኮሱባቸው ተባለ። በ1970ዎቹ ጣሪያው ሲታደስ ግን ከእንጨቱ ውስጥ የወጣው የጥይት እርሳስ የ18ኛው መቶ ዘመን ሆኖ ተገኘ። የደብሩ የሂሳብ መዝገብ ሲገለጥ ደግሞ በ1761 ለባሩድና ለእርሳስ የተከፈለ ገንዘብ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያስቸገሩ ቁራዎችን ለመምቻ! የዳውሲንግ ሰዎች ስም በከንቱ ጠፍቶ ኖሯል።

አግዳሚ ወንበሮቹንም ሳታዩ እንዳትወጡ። ጫፋቸው ላይ ኃጢአቶች በሰው መልክ ተቀርጸዋል። ሆዳሙ ቦርጩን አቅፎ ተቀምጧል፤ ሰነፉ አልጋው ላይ ነው፣ ገና ለመነሳት እያሰበ ያለ ይመስላል። ከእሱ ጋር ትንሽ ተያየን።

በመጨረሻ ወደ ሰሜኑ በር ሄድኩ። በኦገስት 4 ቀን 1577፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ተነሳ፤ የማማው ሹል ጫፍ ጣሪያውን ጥሶ ወደቀ፣ አንድ ሰውዬና አንድ ልጅ ሞቱ። አገሬው ግን ጥቁር ውሻ ነው የገባው ይላል፤ ሰይጣኑ ራሱ፣ ሲወጣ በሩን በጥፍሩ አቃጥሎት። ጥቁሮቹን ጠባሳዎች በጣቴ ነካኋቸው። ረዘም ረዘም ያሉ፣ ወደ ላይ እየቀጠኑ የሚሄዱ ናቸው። ጥፍር አልመሰሉኝም። ጧፍ የተለጠፈበት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንዲሁ ነው የሚጠቁረው።