ሰኞ ገበያ ላይ ሁሉም ነገር «የጣሊያን ጊዜ» ነው

ደሴ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሚያውቀው ሁለት ዘመን ብቻ ነው። ዕቃው የዛገ ከሆነ የጣሊያን ጊዜ፣ ያልዛገ ከሆነ የንጉሥ ሚካኤል። ባለፈው ወር አንድ ጎረምሳ ፔርሙዝ ይዞ «እትዬ፣ የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው፤ እንዲህ ያለ አሁን ከየት ይገኛል?» አለኝ። ገልብጬ ከሥሩ ያለውን «ሜድ ኢን ቻይና» አሳየሁት። ቅንጣት አላፈረም። «ታዲያ ጣሊያን ከቻይና እንዳይገዛ ማን ከለከለው?»

ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ነው፤ የወጣው ሚያዝያ 1933። በእነዚያ አምስት ዓመታት ሰኞ ገበያ ላይ «የጣሊያን» እየተባለ የሚሸጠውን ፋኖስ፣ ሚዛን፣ ጓጉንቸርና ማንቆርቆሪያ ሁሉ ጭኖ ከመጣ፣ ሰውዬው የመጣው ሊዋጋ ሳይሆን ቤት ሊቀይር ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷን ማሽኑ ላይ አስቀምጬ ወደ ገበያው እወርዳለሁ። ከእህሉ አልፌ፣ ከሰልባጁ ዝቅ ብሎ፣ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው የሚቀመጡ ስድስት ሰባት ሰዎች አሉ። ዕቃው የሚመጣላቸው በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያሉ ከሚዞሩትና ላስቲክ ሳህን ሰጥተው አሮጌ ልብስ ከሚወስዱት ልዋጮች ነው። አንዳንዱ ባቲ ይሻላል ይለኛል። የባቲም ገበያ ሰኞ ነው፤ ሰው በአንድ ሰኞ ሁለት ቦታ መሆን አይችልም። እኔ ደግሞ ደሴን የማልተውበት ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

ይህ ነገር የጀመረኝ ግን እዚህ አይደለም። ቤይሩት ነው።

በ2006 በኮንትራት ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ከምናምን ድረስ እሁድ የሚባለውን ቀን በመስኮት ነው ያየሁት። ሁለተኛዋ ደህና ሰው ነበረች፤ እሁድ ከጠዋት እስከ ማታ ለቀቀችኝ። የሄድኩት ሱቅ አል አሐድ ነው። ስሙ ራሱ የእሁድ ገበያ ማለት ነው፤ ሲን ኤል ፊል በኩል፣ ከወንዙ አጠገብ። ሐበሻው፣ ሶሪያው፣ ባንግላዴሹ እዚያ ይተራመሳል። ጓደኞቼ ጫማና ሻንጣ ሲመርጡ እኔ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ እቀራለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሰው ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ ሲወለውል ሲውል፣ ባለቤት የሌለው ዕቃ ማየት ደስ ይለው ይሆናል።

አንድ እሁድ አንድ ሽማግሌ ትሪ ላይ ከቁልፎችና ከማንኪያዎች መሃል ማርትሬዛ አየሁ። ጠገራ ብር።

እጄን የያዘኝ ብሩ አይደለም። ኩታበር የነበረችው አያቴ አንዲት እንዲህ ያለች በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥል ነበር። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተኝቼ ብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ ፊት በአውራ ጣቴ እዳብሳለሁ። አፍንጫዋ ከእኔ በፊት በነበሩት አውራ ጣቶች አልቆ ጉንጭና አፍንጫዋ አንድ ሆኖ ነበር። አያቴ «ተያት፣ እሷም እንዳንቺ አፍንጫ የላትም» ትለኛለች።

ሽማግሌውን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ዑስማንሊ» አለኝ፤ የኦቶማን ጊዜ ነው ማለቱ ነው። አጠገቡ ያለው የቡና ጀበናስ? ዑስማንሊ። የበር እጀታውስ? ዑስማንሊ። ያኔ ነው የገባኝ፦ እነሱም እንደ እኛው ናቸው።

ሠላሳ ሺህ ሊራ አለኝ። በዚያን ጊዜው ምንዛሬ ሃያ ዶላር ነው፤ የእኔ ደመወዝ ደግሞ መቶ ሰባ አምስት ነበር። ሦስት እሁድ ተመላልሼ በሃያ ሁለት ሺህ ገዛኋት። ጓደኞቼ አበደች አሉ።

ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ ባለችው አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ ስለሷ ማንበብ ጀመርኩ። ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ብሩ ላይ ያለውም 1780 ነው። ግን ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት መቱት፤ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እያስተላለፈ፣ ቪየና ብቻ ሳይሆን ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይም። የሐበሻና የዓረብ ነጋዴ የለመደውን ካላየ አልቀበልም ስላለ ነው። እምዬ ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበትን፣ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ የተጻፈበትን ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያስመጡም ገበያው ሴትዮዋን አልለቅም አለ። ወንድ ንጉሥ አምጥተውለት «ሴትዮዋን መልሱልኝ» የሚል ገበያ የትም ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ላይዋ ያለው ዓመት ምንም አይነግርሽም። የሚነግርሽ ሌላው ነው። ክብደቷ 28 ግራም ከትንሽ፤ ከሺህ 833ቱ እጅ ንጹሕ ብር። ጠርዟ ላይ ዙሪያውን የላቲን ፊደል ተመትቷል፤ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ትተሽ ሂጂ። የድሮ ሰዎች ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥረው ዘጠኝ ካልሆኑ አይወስዱም ነበር። የእኔዋ ዘጠኝ አላት፤ ሰባተኛዋ ብቻ ትንሽ ተጨፍልቃለች። ከጭንቅላቷ በላይ ደግሞ ጠርዙ ላይ ግማሽ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ሻካራ ነገር አለች። ጆሮ ተበይዶላት በኋላ የተነቀለበት ቦታ ነው። አንገት ላይ ውላለች ማለት ነው። የመን ይሁን፣ ሒጃዝ ይሁን፣ ወሎ ይሁን አንጥረኛው አልጻፈበትም። ግን ጀርባዋ፣ ባለ ሁለት ራሱ ንስር ያለበት በኩል፣ ከፊቷ ይበልጥ አልቋል። ቆዳ የነካው እሱ ነዋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ ማርትሬዛ ይዞ «የጣሊያን ጊዜ» ሲለኝ ከት ብዬ ሳቅሁበት፤ ኦስትሪያን ከጣሊያን አያውቅም ብዬ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና ተቀብሎ ሮማ ላይ ማርትሬዛ ማስመታት ጀምሯል። ለምን? ኢትዮጵያን ሲወር እዚህ የሚያወጣው ገንዘብ ስለሚያስፈልገው። እንግሊዞችም ይህን አይተው የራሳቸውን መቱ። እንግዲህ የሰውዬው ብር በእርግጥም የጣሊያን ጊዜ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ሰኞ ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ ብሩን በሎሚና በአሸዋ ፈትጎ መስታወት አስመስሎ ጠበቀኝ። ይቅርታዬን ዋጥኩት። እባካችሁ አትፈትጉ። የተፈተገ ብር የተላጨ ሽማግሌ ነው፤ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አታውቁም።

ቤይሩት አብራኝ የነበረች ጓደኛዬ አሁን ሮማ ናት። እሁድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ የሚባለው ገበያ ትሄድና ፎቶ ትልክልኛለች። አንድ ቀን የላከችልኝ አንድ ወታደር ቤቱ አስቀምጦት የኖረ አሮጌ ፎቶ ነው፤ ጀርባው ላይ በቀጭን የብዕር ጽሑፍ «ዴሲዬ» ይላል። ጣሊያኖች ደሴን የሚጽፏት እንደዚያ ነው። ከኋላ ያለው ተራራ ጦሳ ነው፤ ጦሳን ደግሞ ከየትም አልስተውም። ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ሁለቱ ስቀዋል፣ አንደኛው የእኛ አገር ልጅ ነው፤ አልሳቀም። አምስት ዩሮ አለች። የእኛ የአያቶቻችን ፊት ሮማ ሸራ ላይ፣ የእነሱ ማንቆርቆሪያ ደሴ ሸራ ላይ። ግዢው አልኳት፤ ገዛችው።

የማልገዛውም አለ። በ2014 ከተማው ከጦርነቱ መከራ ከወጣ በኋላ ገበያው ላይ የሚወጣው ዕቃ ዓይነቱ ተለወጠ። ሙዚየማችን ተዘርፎ ነበር፤ የሰው ቤትም እንደዚሁ። አንድ ልጅ በፌስታል ጠቅልሎ የብራና ቅጠል አሳየኝ፤ ቀዩ ቀለም ገና ደማቅ ነበር፣ ከጥራዙ የተገነጠለበት ጎኑ ደግሞ ነጭ። ትኩስ ቁስል ይመስላል። በአዋጅ 209/1992 ቅርስ እንዲህ በየመንገዱ የሚቸበቸብ እንዳልሆነ ነገርኩት። «እሺ ስንት ትያለሽ?» አለኝ። ወደ መጣበት ቤተ ክርስቲያን መልስ ብዬው ሄድኩ። ይመልስ፣ ይሽጥ አላውቅም፤ ያኔ ተከትዬው ባለመሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። አራዳ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፍቷል። መኪናው ሲንጀር ናት፤ አገር ለቆ ከሚሄድ ዓረብ ነጋዴ የገዛት፣ ጥቁር፣ እግሯ የብረት ሐረግ። እሱም ራሱ «የጣሊያን ጊዜ መኪና» ይላት ነበር። ከመዘውሩ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ቁጥር ተመትቶባታል። ቁጥር የተማርኩት ከእሷ ላይ ነው። አባዬ መርገጫውን ሲያቆም በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፤ ስሳሳት እንደገና ይረግጣል፣ እንደገና እጠብቃለሁ። ከቁጥሩ በፊት አንድ የፈረንጅ ፊደል አለ፤ ዋይ። እኔ ባላ ነው የምለው።

አባዬ በ2009 ሲያርፍ ቤይሩት ነበርኩ። አልመጣሁም፤ ፓስፖርቴ እጄ ላይ አልነበረም። ያን ሰሞን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስለ ሲንጀር ቁጥር ማንበብ ያዝኩ። ዋይ ያለበት ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ከሚባል ፋብሪካ የወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። እንግዲህ የአባዬ መኪና ጣሊያን ደሴን ከመርገጡ በፊት የተሠራች ናት። ይህን ብነግረው ኖሮ አያምነኝም ነበር። «ጣሊያንን ቀድማ?» ብሎ ይስቅ ነበር።

በ2012 ስመለስ ቤት ውስጥ ሻሽ ተጥሎባት አገኘኋት። ዘይት ሰጠኋት፤ ተንቀሳቀሰች። በ2014 ጥቅምት ስንወጣ ግን መኪና በጀርባ አይታዘልም። ማርትሬዛዋ አንገቴ ላይ ነበረች፣ ወጣች። ሲንጀሯ ቀረች። ስንመለስ የቆመችበት ቦታ ሲሚንቶው ላይ አራት የዝገት ክብ ብቻ ነበር። ማን እንደወሰዳት አላውቅም።

ለዚህ ነው ሰኞ ሰኞ የምወርደው። ብዙ ሰው ሰኞ ገበያ የምሄደው ቅርስ ስለምወድ ይመስለዋል። እወዳለሁም። ግን ሸራው ላይ የስፌት መኪና ካለ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው። ሁለት ምልክት ደግሞ አላት፦ ከፊት ጠርዟ ያለው የወርቅ ቀለም ሐረግ አባዬ ግራ እጁን በሚያሳርፍበት ስንዝር ላይ ብቻ ጠፍቷል፤ ጠረጴዛዋ ላይ የከሰል ካውያ ያቃጠለው ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ አለ። ጠረጴዛ ግን ይለወጣል፣ ቀለምም ይቀባል። ቁጥር ነው የሚሻለው። ዋይ 62 ብሎ ይጀምራል። የቀረውን እዚህ አልጽፍም፤ ደሴ ውስጥ ብረት ላይ ቁጥር መምታት የሚችል ሰው ሞልቷል።

ያለፈው ሰኞ ጆንያ ሥር ጭንቅላቷ ብቻ የቀረ ሲንጀር አየሁ። እግር የላትም፣ ጠረጴዛ የላትም። ባለቤቱ የፔርሙዙ ጎረምሳ ነው። ቁጭ ብዬ በሻሼ ጫፍ ምራቅ አድርጌ ከመዘውሩ ሥር ያለውን ቆሻሻ ፈገፈግሁ። መጀመሪያ ባላዋ ወጣች። ጉልበቴ ከዳኝ። ቀጥሎ 6። ቀጥሎ ትንሽ ደበዘዘ፤ ጥፍሬን አስገብቼ ጫርኩት።

4።

«ስምንት ሺህ ብር ናት እትዬ» አለኝ፤ «ላንቺ ሰባት። የጣሊያን ጊዜ ናት።»

«ከጣሊያን በፊት ናት» አልኩት።

ፊቴን አየና ዝም አለ። ከዚያ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሸጥልኝ ያናገረኝ ያኔ ነው። ነገርኩት። ዋይ 62 የሚል ካገኘህ ደውልልኝ፣ የቀረውን ቁጥር እኔ ቆሜ አነብልሃለሁ አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ቁጥሬን መዘገበ። ስሜን አልጠየቀኝም። አንገቴን አስግጌ ምን ብሎ እንደሚጽፈኝ አየሁ።

«የጣሊያን መኪና» ብሎ ነው የመዘገበኝ።