የዲያሊሲስ ታካሚን ደም፣ ሐሳብና ስሜት በአንድ ቅጽ መከታተል፦ አሠራሬና የተማርኩት

ዓመታት በዲያሊሲስ፣ ማለትም ደምን በማሽን በማጠብ፣ የቆየ ሰው «ጭንቅላቴ ከበደኝ፣ የጀመርኩት ነገር ይጠፋብኛል» ሲል፣ ከባለሙያ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ደምዎ ወርዷል» የሚል ነው። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የታመመ ኩላሊት፣ መቅኔ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ የሚያዘውን ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን በበቂ አያመነጭም። በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲወርድ አንጎል የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። የድካምና የዝንጋታ ምንጭ ግን ሄሞግሎቢን ብቻ ስላልሆነ፣ ደምን፣ ሐሳብንና ስሜትን ጎን ለጎን መዝግቤ መከታተል ጀመርኩ።

ከሁሉ በፊት ያስተካከልኩት ሰዓቱን ነው። ለምርመራ ደም የምወስደው በሳምንቱ መካከል ባለው እጥበት፣ ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር ነው። ከረጅሙ የእረፍት ክፍተት በኋላ ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ደሙ ይቀጥናል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። እጥበቱ ሲያልቅ ደግሞ ውኃው ስለወጣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በተለያየ ሰዓት የተወሰዱ ሁለት ውጤቶችን ማወዳደር ለተሳሳተ መድኃኒት ለውጥ ይዳርጋል።

የማሰብ ችሎታንም በእጥበት መሀል አልመዝንም። በዚያ ሰዓት ግፊት ይወርዳል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ የሚጽፍበት እጅም መርፌ ላይ ሊሆን ይችላል። ከእጥበት በፊት ወይም በማግስቱ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ይፈተናል። ሞካ የተባለው ባለ 30 ነጥብ ፈተና ከ26 በታች ሲሆን ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ትምህርታቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ 1 ነጥብ ይጨመራል። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር የማገናኘት ፈተናንም በሰዓት እለካለሁ። በእነዚህ ታካሚዎች ከማስታወስ ይልቅ ማቀድና የሐሳብ ፍጥነት ይበልጥ ይጎዳሉ። ያንኑ ወረቀት ደጋግሞ መስጠት ታካሚው ጥያቄውን እንዲለምደው ያደርጋል እንጂ መሻሻሉን አያሳይም፤ ተለዋጭ ቅጂ ያስፈልጋል።

ለስሜት ባለ 9 ጥያቄውን የድብርት መጠይቅ እጠቀማለሁ። 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ይጣራል። ድካም፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት በኩላሊት ሕመሙም ስለሚበላሹ፣ ይበልጥ የማስተውለው ደስታ ማጣትንና ሐዘንን የሚጠይቁትን የመጀመሪያ ሁለቱን ነው። ራስን ስለመጉዳት ለሚጠይቀው ለመጨረሻው «አዎ» ከተባለ፣ ታካሚው ሐኪም ሳያየው አይሄድም።

በሕክምናው አይረን ይቀድማል። የተከማቸ አይረንን የሚጠቁመው ፌሪቲን ብቻውን ያሳስታል፤ ብግነት ሲኖር ያለ በቂ አይረንም ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ፌሪቲን በሚሊሊትር እስከ 500 ናኖግራም፣ የትራንስፌሪን ሙሌት (አይረን ተሸካሚው ፕሮቲን የተሞላበት መጠን) እስከ 30 በመቶ ከሆነ አይረን መሞከር እንደሚቻል ይገልጻል። የተለመደው በየእጥበቱ 100 ሚሊግራም በደም ሥር፣ 10 ጊዜ ነው። ከተሰጠ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ መለካት ቁጥሩን ያሳብጠዋል፤ በሰውነት የተሰራጨ ኢንፌክሽን እያለም አይሰጥም። የኤሪትሮፖይቲን መርፌ መነሻ መጠን በኪሎ 50 ዩኒት፣ በሳምንት 3 ጊዜ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ አይናወጥም፣ ወደ በረዶ ከተለወጠ ይጣላል። ሄሞግሎቢን በ2 ሳምንት በዴሲሊትር ከ1 ግራም በላይ ከዘለለ መጠኑ ቢያንስ በሩብ ይቀነሳል። ከ11.5 በላይ እንዲቆይ አይፈለግም፤ ወደ ጤነኛ ሰው ልክ ለማድረስ የተሞከሩ ጥናቶች ስትሮክና የደም መርጋት አደጋን አሳይተዋል።

ከባዱ፣ መጠኑ ጨምሮ ደሙ አልነሣም ሲል ነው። እዚህ ላይ ስህተቱ እንደገና መጨመር ነው። መጀመሪያ ማጣሪያውን ማየት ይገባል፤ በየጊዜው የሚረጋ ከሆነ ደም እዚያው እየቀረ ነው። ቀጥሎ የካቴተር (ለእጥበት ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ) ኢንፌክሽን፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከፍ ማለት፣ ከ1.2 በታች የሆነ የእጥበት በቂነት መለኪያ (Kt/V) ይፈተሻሉ። የብዙ ታካሚዎች ሄሞግሎቢን አብሮ ከወረደ ግን ለእጥበቱ የሚገባው ውኃ ይመርመር፦ ጠቅላላ ክሎሪን በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም ካለፈ፣ ውኃ ለማከም የሚጨመረው ክሎራሚን ቀይ ሴሎችን እያፈነዳ ሊሆን ይችላል።

ደሙ 10.5 ደርሶ ሐሳቡ እንደ ደነዘዘ ሲቀርስ? መጀመሪያ የመድኃኒት ዝርዝሩን እከፍታለሁ። ለማሳከክና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው ጋባፔንቲን በኩላሊት ስለሚወጣ ይከማቻል፤ መጠኑ ካልተቀነሰ ሰውን ያፈዝዛል። በየእጥበቱ ግፊት የሚወርድ ከሆነ ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃ በሰዓት በኪሎ ከ13 ሚሊሊትር እንዳይበልጥ ማድረግ፣ የማጠቢያውን ፈሳሽ ወደ 36 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ይረዳል። በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥም ይጠየቅ። ደሙ ሲስተካከል ጉልበት በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ የሐሳብ ለውጥ ግን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈተናውን የምደግመው ከ3 ወር በኋላ ነው።

የመድኃኒት ለውጥን ታካሚው ማሽን ላይ እያለ በቃል ብቻ መንገር ግን አቁሜያለሁ። ከመሰካቱ በፊት፣ በጽሑፍ፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚያቀርብለት ሰው ባለበት ይነገራል።