የከዚራው ኩሬ ማጣሪያ

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው የአጎቴ ግቢ ኮይ የሚባሉትን የጌጥ ዓሦች ኩሬ ማጣሪያ ስናጸዳ ዋልን። ውሃውን የሚያጣራው ስፖንጅ ከማጣሪያው በርሜል ሲወጣ ቡናማ አተላ ተሸክሞ ነበር፤ የሚያግዘን ልጅ ወደ ቧንቧው ሊወስደው ሲል አጎቴ፣ «ተው ልጄ፣ እሱ የሚታጠበው በራሱ ውሃ ነው» ብለው ከኩሬው የተቀዳ ባልዲ አቀረቡለት።

ምክንያታቸው ትክክል ነው። ዓሦቹ በስንጥባቸው የሚያስወግዱትን አሞኒያ በስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ስለሚለውጡት፣ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ስፖንጁን ማጠብ እነዚህን ሠራተኞች መግደል ነው። ኩሬው ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ሥራውን ያከብደዋል። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.5 ያህል ብቻ ነው፤ ከተማችን ከ1,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የእኛ ከዚህም ያንሳል። በመሆኑም ውሃው ከከፍታ እየተንፏፏ እንዲመለስ ማድረግ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ቅርፊት የሚያለብሰው ኖራ የበዛበት ውሃችን ግን እዚህ ላይ ውለታ ይውላል፤ በውስጡ ያለው ካርቦኔት የውሃው አሲድነት በድንገት እንዳይለዋወጥ ይከላከላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመብራት መቆራረጥ ነው። ፓምፑ ለሰዓታት ሲቆም በተዘጋው በርሜል ውስጥ ኦክስጅን ስለሚያልቅ ባክቴሪያዎቹ መሞት ይጀምራሉ፤ ስለዚህ መብራት ሲመለስ በርሜሉ ውስጥ የቆየው ውሃ ወደ ኩሬው ሳይገባ ለማንጎው ዛፍ እንዲፈስ ዛሬ አንድ ቧንቧ ጨመርንለት።