ባጃጅ ውስጥ የተረሳው ፖስታ፦ የሂፕ ሆፕ አልበሜ እዚህ ደርሷል

አልበሙ አለቀ። ስምንት ዘፈን ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ። ጎንደር ተጽፎ፣ ጎንደር ተቀርጾ፣ አሁን በጎንደር ባጃጆች ውስጥ እየተሰማ ነው። ኮርቻለሁ። በአማርኛ ራፕ ረጅም ታሪክ ለመናገር የምትሞክሩ ልጆች ስላላችሁ፣ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ታሪኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠዋት ባጃጁን ሲጠርግ ከኋላ ወንበር ሥር ትልቅ ፖስታ ያገኛል። ውስጡ የራጅ ፊልም አለ። የተጻፈበት ስም ውሃ ነክቶት ጠፍቷል። ጎንደር ለሕክምና ከየወረዳው ሰው የሚመጣባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ባለቤቱ ማንም ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ እንጀራው ነውና ሥራውን አያቆምም። ቀኑን ሙሉ እየጫነ፣ እያወረደ፣ ባለቤቱን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ዘፈን አንድ ተሳፋሪ ነው። «ወራጅ አለ» ሲባል ዘፈኑ ያልቃል። ይህን የመሸጋገሪያ ሐሳብ የሰጠኝ አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አልበም ነው። እሱ በዘፈኖቹ መሃል የወላጆቹን የስልክ መልእክት እያስገባ ታሪኩን ያያይዛል። የእኛ ከተማ ደግሞ «ወራጅ አለ» አላት።

ስለ ቢቱ፣ ማለትም ራፑ ስለሚሄድበት ሙዚቃ፣ ብዙ አልልም። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር፣ አንድ ማይክ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጋቢ እና ብርድ ልብስ፤ በቃ። መብራት ሲጠፋ በስልክ እየቀረጽኩ ጻፍኩ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ሎፕ (እየተመላለሰ የሚሄድ አጭር ቅንጭብ ሙዚቃ) ከኢንተርኔት አታውርዱ፤ አዝማሪ አጠገባችሁ አለ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ቡርቧክስ እኮ የታወቀች የአዝማሪ መንደር ናት። አዝማሪ አንዱን ስንኝ ጨርሶ ቀጣዩን እስኪያስብ ድረስ መሰንቆው ብቻውን የሚመላለስባት አጭር ዜማ አለች። እሷ ናት ሎፑ። ከሂፕ ሆፕ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ዲጄ ኩል ኸርክ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ያደረገውም ይኸው ነበር። ከዘፈኑ ሰው የሚጨፍርባትን የከበሮ ክፍል ለይቶ በሁለት የሸክላ ማጫወቻ እየመላለሰ አስረዘማት።

መሰንቆውን ከቢቱ ጋር ለማስማማት ብላችሁ ድምፁን በኮምፒውተር አትጎትቱት። ባለ አንድ ጭራ መሣሪያ ነው፤ ተጫዋቹ የሚቃኘው በራሱ ጉሮሮ ልክ ነው። ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) እና ፒያኖውን ወደ መሰንቆው አምጡ። ይህን የሚያደርግ ፕሮዲውሰር ብዙ አላየሁም፤ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ለረጅም ጊዜ ሽባ ያደረገኝ እሱ ነው።

ታሪክ ስትናገር ግሡ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ተናጋሪው ደግሞ አንተ ነህ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ስንኙ ሁሉ ተነሳሁ፣ ጠረግሁ፣ አየሁ፣ ነዳሁ እያለ ይዘጋል። ቤት ይመታል፤ ያውም ያለ ምንም ድካም። ችግሩም እሱ ነው። ያልደከምክበት ቤት ሰሚውን አያስደንቀውም። አንድ አርኬ (የግጥም አንጓ) ይቻላል። ስምንት ዘፈን ሙሉ «ሁ» «ሁ» ሲል ግን ጆሮ ይደነዝዛል። ታሪኩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ዘፈኖቹ አንድ ዘፈን መሰሉ።

በየቦታው የሚሰጠውን ምክር ሞከርኩ። ግሡን ወደ መሃል ማስገባት፣ በስም መዝጋት። ይሠራል፤ የጥንት ገጣሚዎቻችንም ያደርጉታል። ግን እያንዳንዱን ስንኝ ከገለበጥከው ሹፌሩ ሹፌር መሆኑ ይቀርና መድረክ ላይ የቆመ ገጣሚ ይሆናል። የባጃጅ ልጅ እንዲያ አያወራም። ቤቱ በእንግሊዝኛ ቃል እንዲዘጋ ማድረግም አለ። እሱን በፍጹም አልወደውም። አንድ ጊዜ ያምራል፤ ደጋግመህ ስትሰማው የስንፍና ምልክት ነው።

መፍትሔው የመጣው መሰንቆውን ከተጫወቱልኝ ጋሼ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን አሰማኋቸው። ዝም ብለው ጨረሱትና፣ «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ የምትናገረው ለማን ነው?» አሉኝ። ለሰሚው አልኳቸው። «ሰሚው የት ተቀምጧል?» አሉ።

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። አዝማሪ ስለ ሰው አይዘፍንም፤ ለሰው ነው የሚዘፍነው። ዞሮ ፊትህ ይቆማል፣ ያሞግስሃል፣ ይነካካሃል። አንተም «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትሰጠዋለህ። ሁልጊዜ ተናጋሪና ተቀባይ አለ።

ቤቴ ገብቼ ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፍኩ። ሹፌሩ ቀኑን መተረኩን ተወ። ለተሳፋሪው ይናገራል እንጂ ስለ ተሳፋሪው አያወራም። ያኔ ቤቶቹ በራሳቸው ተለያዩ። ከማራኪ ለሚሳፈረው ተማሪ ሲናገር ስንኙ በ«ህ» ይዘጋል። ሞባይሏ ላይ እያለቀሰች ለምትሳፈረው ልጅ በ«ሽ»። ከሠርግ ለሚመለሱት ጓደኛሞች በ«ችሁ»። ከቅዳሜ ገበያ ለሚሳፈሩት እማማ ደግሞ በ«ዎ»። ቋንቋው ራሱ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የቤት መምቻ አዘጋጅቶ ኖሯል! የእማማን መክፈቻ እነሆ፦

እስኪ ያቀብሉኝ እማማ ዘምቢልዎን፣
ዕድሜ አይደል ዳገት ነው የጨረሰው ኃይልዎን።

ይህ የወል ቤት ነው፤ በአንድ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ምድብ (ሲላብል)። ስድስት ብሎ ያርፋል፣ ስድስት ብሎ ይዘጋል። አራት ምት ካለው የራፕ ባር (የሙዚቃ መስፈሪያ) ጋር አይሄድም የሚሉኝ ነበሩ። እያንዳንዱን ምት ለሦስት ክፈሉትና ቁጠሩ፤ ልክ 12 ይሆናል። ዕረፍቱም ሁለተኛው ምት እንዳለቀ ይወድቃል። ዛሬ ራፐሩ ሁሉ ትሪፕሌት (አንዱን ምት ለሦስት መክፈል) እያለ የሚፈጥንበት ፍሎው፣ ማለትም የአነጋገር ምት፣ አያቶቻችን በሚያውቁት ልክ ላይ ቁጭ ይላል። ከሥሩ ችክችካ ብታስገቡበትም አይጣላም። እዚህ ላይ ማንም ቢከራከረኝ አልሸነፍም።

ይህን ብዬ ግን፣ ሁሉንም ዘፈን በወል ቤት አትጻፉ። የጓደኛሞቹን ዘፈን ቀለም ሳልቆጥር፣ ቢቱን ከፍቼ በአፌ ነው የሠራሁት። ሰው አብዝቶ የወደደው እሱን ነው። ስለዚህ መቁጠር መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚያስር እስካሁን በልበ ሙሉነት ልነግራችሁ አልችልም።

ሚክሱን (የድምፆቹን ማመጣጠን) ባጃጅ ውስጥ ሞክሩት። የሞተሩ ድምፅ ቤዙን ይውጠዋል። መሰንቆና የሰው ድምፅ ግን ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ የሚቀመጡት በወፍራሙና በቀጭኑ ድምፅ መሃል ነውና። ውድ ሄድፎን ላይ የሰማሁትን ትቼ ለባጃጅ ብዬ ደግሜ ሚክስ አደረግሁ።

ሰው እንዴት ተቀበለው? በቴሌግራም ነው የላክሁት፤ ፋይሎቹም ወዲያው ተበታተኑ። አንዱ አምስተኛውን ብቻ ይልካል፣ ሌላው ሁለተኛውን። በቅደም ተከተል የሰማው ጥቂት ነው። መጀመሪያ አዘንኩ። የአሜሪካ የሂፕ ሆፕ ቡድን ዘ ሩትስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት አልበም ታሪኩን ከዋናው ገጸ ባሕርይ ሞት ጀምረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ እንዲያ ያለው ነገር ቴሌግራም ላይ በአንድ ቀን ይፈርስ ነበር። የእኔን ያዳነው ፖስታው ነው። በሁሉም ዘፈን ውስጥ ስላለ፣ ከየትኛውም ብትጀምር «ይኼ ፖስታ የማነው?» ብለህ ሌላውን ትፈልጋለህ። ለዚህ ነው ኮንሰፕት አልበም (ዘፈኖቹ በአንድ ሐሳብ የተያያዙ አልበም) የምትሠሩ ሰዎች ከጭብጥ ይልቅ ዕቃ ምረጡ የምለው። የሚጨበጥ፣ የሚጠፋ፣ የሚፈለግ ዕቃ።

መሰንቆ ስላለበት ሂፕ ሆፕ አይደለም ያሉኝ አሉ። አልተቀበልኳቸውም። ሹፌሮች ግን ተራ ሲጠብቁ ከፍተውት ስለ ፖስታው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ከዚህ የበለጠ ሂስ አልፈልግም።

ክርክሩ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ነው። ሹፌሩ ማታ ባጃጁን ሲያቆም ለማያውቀው ባለቤት ይናገራል። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ልጅ አያውቅም። አንተም አንቺም ማለት አልቻልኩም፤ አንዱን ከመረጥኩ ሹፌሩ ያውቃል ማለት ነው። «እርስዎ» ግን ወንድም ሴትም ይሆናል፣ ለማያውቁት ሰውም ተገቢው እሱ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ በ«ዎ» ተዘጋ። ሰሚዎች ደግሞ ቤቱን ይዘው ወደ እማማ ሄዱ። «ያው የእማማ ቤት ነው፤ ፖስታው የሳቸው ነው» አሉ። ሌሎቹ አይሆንም ይላሉ፤ እማማ ቁስቋም የወረዱት ዘምቢል ብቻ ይዘው ነው፣ ሹፌሩም ስለ ፖስታው ጠይቋቸው አላወቁትም።

እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አሁን ግን አልነካውም። የመጨረሻውን ዘፈን ደግሜ የምቀርጸው መሰንቆውን ለማስተካከል ብቻ ነው፤ ጋሼ ከእማማ ዘፈን ያቺን የመመላለሻ ዜማ ዝቅ አድርገው እንዲጫወቱልኝ ተስማምተናል።